ጢንዚዛው ሩዙን አይበላም፤ የሚያስፈራው ሌላ ነው

በጣና ዳር ስለ እምቦጭ በተወራ ቁጥር፣ ጨዋታው ከእጅ ነቀላና ከማሽን አልፎ ጢንዚዛ ላይ ሲደርስ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «አረሙን በልቶ ሲጨርስስ ምን ሊበላ ነው?» ከዚያ የፎገራ ሩዝ፣ የደምቢያ ሽምብራ፣ የዘጌ ቡና ይጠራል። ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ባለሙያው «አይነካም» ይላል። ገበሬው «በምን አውቃለሁ?» ይላል። ኃላፊው «በጥናት ላይ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እምቦጩ ግን የጥናት ቀጠሮ አይጠብቅም።

የገበሬውን ጥያቄ እንደ አላዋቂነት የሚቆጥሩ ሰዎች ተሳስተዋል። ገበሬው ስለ ነፍሳት ያለው ትዝታ መልካም አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች አገር ውስጥ ገብቶ በቆሎውን አወደመ። ብዙም ሳይቆይ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መጣ፤ በወሎና በሌሎች አካባቢዎች ለአጨዳ የደረሰ ሰብል በባለቤቱ ዓይን ፊት ጠፋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ይህን ላየ ሰው «ከውጭ ነፍሳት አምጥተን ሐይቁ ላይ እንልቀቅ» ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። መልሱም አለ፤ ጢንዚዛው ሩዙን አይበላም። ከባዱ ጥያቄ ከዚህ መልስ በኋላ የሚመጣው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰብሉን ማን እየበላው ነው?

እምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 ሲሆን፣ የተነሳውም በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ የመገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ ነው። ከዚያ ደምቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን እያዳረሰ መጣ። ሁኔታው ከተመቸው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል።

እስካሁን የጣና ዋና መከላከያ የሰው እጅና ማሽን ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ሕዝቡ ወጥቷል። ከዚያ በፊትም በኋላም የዳርቻው ነዋሪ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ከአልቅትና ከቢልሃርዚያ ጋር እየታገለ፣ አረሙን በእጁ እየጎተተ አውጥቷል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ዛሬ የተነቀለበት ቦታ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ አረንጓዴ ሲሆን ማየት ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ተስፋንም ይጨርሳል።

ስለ ሰብል ሥጋት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላ እምቦጩ በማዕበልና በንፋስ ተገፍቶ ማሳ ላይ ይወጣል። ውኃው ሲሸሽ ምንጣፉ መሬቱ ላይ ይቀራል። ገበሬው ጓያውን ወይም ሽምብራውን ከመዝራቱ በፊት ያንን ሁሉ መጥረግ አለበት። ሣሩን የተነጠቀው የፎገራ ከብትም የሚግጠው ቦታ ያጣል። መረቡ አረም ሰብስቦ የሚመለስለት ዓሣ አጥማጅም አለ። «ጢንዚዛው ሰብል ይጎዳ ይሆን?» ሲባል ሚዛኑ ላይ መቀመጥ ያለበት ይህ ሁሉ ነው። አለመወሰንም ሰብል ያስከፍላል፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ስብሰባው ላይ ያልተቀመጠው ሰው ነው።

ጢንዚዛዋ እንዴት ትኖራለች?

በእምቦጭ ላይ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት የጢንዚዛ ዓይነቶች አሉ፤ ኒዮኬቲና አይኮርኒዬ እና ኒዮኬቲና ብሩኪ። ሁለቱም ርዝመታቸው ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ የተወለዱትም እምቦጩ ከተወለደበት አገር ነው። ጉልምሷ ጢንዚዛ የእምቦጩን ቅጠል ላይ ላዩን ትፍቃለች። እንቁላሏን የምትጥለው ስፖንጅ በሚመስለው የቅጠሉ ዘንግ ውስጥ ነው። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ዘንጉን ውስጥ ውስጡን እየቦረቦረ ወደ ተክሉ እምብርት ይወርዳል። በቁስሉ በኩል ውኃና ሻጋታ ይገባል፤ ተክሉ ይበሰብሳል፣ ማበቡም ይቀንሳል።

ወሳኙ ነገር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እጩ ወደ ጉልምስ ጢንዚዛ ከመለወጡ በፊት ሸፍኖ የሚተኛበትን ቤት የሚሠራው ከእምቦጩ ጭራ መሰል ሥሮች ነው። ይህንንም የሚያደርገው ውኃ ውስጥ፣ ሕይወት ባለው የእምቦጭ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው። ያ ሥር ከሌለ ትውልዱ እዚያ ላይ ያበቃል። የሩዝ ሥር ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ነው። የበቆሎ አገዳም ሆነ የጓያ ሐረግ ይህንን አልጋ ሊሰጣት አይችልም። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እንኳ ውኃ ውስጥ ቢቆምም ከእምቦጭ የራቀ ዝርያ ነው።

የተራበች ጢንዚዛ ሌላ ቅጠል ልትቀምስ አትችልም ማለት ግን አይደለም። ትችል ይሆናል። መቅመስና መራባት ግን ለየቅል ናቸው። አንበጣ አደገኛ የሆነው ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ስለሚበላና በበላውም ስለሚራባ ነው። ይህች ጢንዚዛ እምቦጩ ሲያልቅ ወደ ሩዙ አትዘምትም፤ ቁጥሯ አብሮ ይወድቃል። እንዲያውም አረሙን ፈጽማ አትጨርሰውም። ጥቂት እምቦጭ ይቀራል፣ ጥቂት ጢንዚዛም አብራው ትቀራለች። የዚህ ዘዴ ግብም አረሙን ከምድረ ገጽ ማጥፋት ሳይሆን ጉልበቱን መስበር ነው።

ጎረቤት ምን አየ?

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ተስፋ ብቻ አይደለም። ጢንዚዛዋ በ1972 አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ከተለቀቀች ወዲህ ከ30 በላይ አገሮች ተጠቅመውባታል። ለኢትዮጵያ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የጎረቤት ታሪክ ነው። ሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ የለቀቀችው በ1978 ነው። ኡጋንዳ በ1990ዎቹ በኪዮጋ ሐይቅ ጀምራ በ1995 መጨረሻ ወደ ቪክቶሪያ ተሻገረች። ኬንያ በ1997 ተከተለች። ስለዚህ ይህች ነፍሳት ለዓባይ ተፋሰስ አዲስ እንግዳ አይደለችም፤ ከ40 ዓመት በላይ ኖራበታለች።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ኪሱሙ አጠገብ ያለው የዊናም ባሕረ ሰላጤ ነው። በ1998 ገደማ እምቦጩ እዚያ ከ17 ሺህ ሄክታር በላይ ሸፍኖ ነበር፤ ወደቦች ተዘግተው፣ ጀልባ መውጫ አጥቶ። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ወደመ። ሙሉውን ምስጋና ለጢንዚዛዋ መስጠት ግን ሐቅ አይሆንም። የ1997/98 የኤልኒኖ ዝናብ፣ ደመናና ማዕበልም የተዳከመውን አረም ለመስበር አግዟል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በ2006 መጨረሻ ከከባድ ዝናብ በኋላ አረሙ እዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ በብዛት ተመልሶ ታይቷል። «አንዴ ለቀን እንገላገል» የሚል ሰው ይህንን ልብ ይበል።

ከዚያው ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ባለው የካኖ ሜዳ ላይ አሄሮና ምዕራብ ካኖ የሚባሉ የመስኖ እርሻዎች አሉ። የሚመረተው ሩዝ ነው። ጢንዚዛዋ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በዚያ ውኃ ላይ ስትኖር፣ ሩዙ ደግሞ ዳር ላይ ሲበቅል ኖሯል። የቪክቶሪያ ዳርቻም እንደ ጣና ደንገል የሞላበት ነው። ከፎገራ ሜዳ ጋር ይህን ያህል የሚመሳሰል ማስረጃ በቤተ ሙከራ እንኳ ሊሠራ አይችልም። ከፎገራ የገበሬ ተወካዮችን ወደ ኪሱሙ ወስዶ ማሳየት፣ አዳራሽ ውስጥ ከሚደረገው መቶ ገለጻ ይበልጣል።

ነፍሳት ከሰብል ጋር የተጋጩበት ጊዜ የለም?

አለ፤ መደበቅም የለበትም። ሕንድ ቅንጨ አረምን ለመከላከል ከሜክሲኮ ያስመጣችውን ቅጠል በል ጢንዚዛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለቀቀች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጢንዚዛዋ በሱፍ አበባ ማሳ ላይ ቅጠል ስትበላ ታየች። ጩኸት ሆነ፣ መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በምርመራው የታየው፣ ጢንዚዛዋ በሱፍ ላይ ተራብታ መቀጠል እንደማትችል ነው። ከአጠገቡ ካለው ቅንጨ አረም የተነሳው የአበባ ብናኝ የሱፉ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይስባት ነበር።

ያችው ጢንዚዛ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ጥያቄው ወደ ኑግ ዞረ። ኑግ ከቅንጨ አረም ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው፤ በዚያ ላይ የዚህ አገር የራሱ ሰብል ነው። የተመራማሪዎቹ ሥራ «ሌላ አገር ተፈትናለች» ብሎ ማለፍ አልነበረም። ከውጭ የገባው በተከለለ ቦታ ተይዞ፣ በኢትዮጵያ ሰብሎች ላይ ለብቻው ተፈተነ፤ ኑግም ከዋናዎቹ ተፈታኞች አንዱ ነበር። ፈቃዱ የተሰጠውና በ2016 ወለንጪቲ አካባቢ የተለቀቀችው ከዚያ በኋላ ነው። የእምቦጯ ጢንዚዛ ጉዳይ ከዚህ የቀለለ ነው፤ በጣና ዙሪያ ከሚዘሩት ሰብሎች የእምቦጭ የቅርብ ዘመድ የሆነ የለምና።

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በእርግጥ የከሸፈ ታሪክ አለ። በ1968 ካናዳ፣ በዓመቱም አሜሪካ፣ መጤ እሾሃማ አረምን ለማጥፋት የለቀቁት ጢንዚዛ የአገሬውን እሾሃማ ተክሎችም አጠቃ። ድንገት አመሉን ቀይሮ ግን አልነበረም። እነዚያን መሰል ተክሎች እንደሚበላ ከመለቀቁ በፊት ይታወቅ ነበር፤ «ለእነዚያ ተክሎች ማን ይጨነቃል?» ተብሎ ታለፈ እንጂ። ችግሩ ነፍሳቱ ሰውን ማታለላቸው አልነበረም። ሰው የሚያውቀውን ነገር አቃሎ ማየቱ ነበር።

የበለስ ትምህርት

ኢትዮጵያ ውስጥ ከውጭ የመጣ ነፍሳት ሰው የሚበላውን ተክል ያጠፋበትን ታሪክ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ትግራይ አለ። ኮቺንያል የምትባለው ትንሽ ነፍሳት በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣችው አረም ለማጥፋት አልነበረም፤ ከሰውነቷ የሚወጣውን ቀይ ቀለም ለውጭ ገበያ ለማቅረብ ነው። የምትኖረው በበለስ ላይ ነው። ሐሳቡ፣ በተከለለ ቦታ ትረባለች፣ ገበሬው ይለቅማታል፣ ገቢ ያገኛል የሚል ነበር። ለቀማውና ግዢው ሲቆም ነፍሳቷ አልቆመችም። ከተወሰነላት ቦታ ወጥታ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ትግራይ በለሱን አደረቀችው። በለስ ለትግራይ ገበሬ ጌጥ አይደለም። በክረምቱ ወራት፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ጊዜ፣ ቤተሰብ የሚያሻግር ምግብ ነው፤ ለከብቱም መኖ ነው።

ኮቺንያል አመሏን አልቀየረችም፤ በለስ እንደምትበላ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ያመጧት። ሳይንሱ ትክክል ነበር። የጎደለው ባለቤት ነው፤ ነገሩ ከእጅ ሲወጣ «ይህ የእኔ ኃላፊነት ነው» ብሎ የሚቆም ተቋም፣ ለገበሬው ኪሳራ የሚጠየቅ አካል።

በጣና ጉዳይ ሊያስፈራ የሚገባውም ይህ ነው። የእምቦጯ ጢንዚዛ እንደ ኮቺንያል የሰው ምግብ አትበላም፤ ስለዚህ ያ ዓይነት ጥፋት አይደገምም። ያ ዓይነት ግዴለሽነት ግን ሊደገም ይችላል። ውጤቱም የሩዝ መጥፋት ሳይሆን የአሥር ዓመት ልፋት ውኃ ውስጥ መቅረት ይሆናል።

ጣና ላይ ምን ሊበላሽ ይችላል?

አንደኛ፣ ጣና ቪክቶሪያ አይደለም። ቪክቶሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1,134 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ጣና ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ጢንዚዛዋ ሙቀት ትወዳለች፤ በቅዝቃዜ እድገቷ ይዘገያል። ስለዚህ ኡጋንዳ ውስጥ ሦስት ዓመት የፈጀው እዚህ ሊረዝም ይችላል። በአንድ የበጀት ዓመት ሪፖርት የሚጠብቅ ኃላፊ በሁለተኛው ዓመት «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑና ጢንዚዛዋ ሊጣሉ ይችላሉ። ዛሬ ጢንዚዛ የተለቀቀበትን ምንጣፍ ነገ ዘማች ወጥቶ ቢነቅለው፣ የተነቀለው አረም ብቻ አይደለም፤ የነገ ትውልዷም አብሮ ዳር ላይ ይደርቃል። ኬሚካል ቢረጭም ያው ነው። የትኛው ዳርቻ በእጅና በማሽን እንደሚጸዳ፣ የትኛው ለጢንዚዛዋ እንደሚተው የሚወስን አንድ ካርታ ያስፈልጋል። ካርታው ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ውስጥ ተሰቅሎ የቀበሌው ዘማች የማያውቀው ከሆነ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፣ እምቦጭ የሚወፍረው በሚቀርብለት ምግብ ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከደጋው አፈርና ማዳበሪያ አጥበው ያመጣሉ፤ የከተሞቹ ፍሳሽም ይጨመራል። አረሙ በዚህ ላይ ጢንዚዛዋ ከምትበላው በላይ ፈጥኖ ሊያድግ ይችላል። ከታች ጢንዚዛ እየለቀቁ ከላይ ተዳፋቱን ባዶ መተው፣ ቀዳዳ እንስራ ላይ ውኃ መሙላት ነው።

አራተኛ፣ የሞተ እምቦጭም ጣጣ አለው። ብዙ አረም በአንድ ጊዜ ሲሰምጥና ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይሻማል፤ ዓሣው ይጎዳል። ጣና በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት፣ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው። ጢንዚዛዋ ቀስ እያለች መሥራቷ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ቢሆንም የውኃውን ጤና የሚለካ ሰው መኖር አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከኡጋንዳ የመጡ ጢንዚዛዎች በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁኔታ ተፈትነው መላመድ እንደሚችሉ ያሳየ ጥናት በ2015 ታትሟል። ስለዚህ ነገሩ ከዜሮ አይጀመርም። የቀረው ሥራ የገበሬውን አመኔታ ማግኘትና ኃላፊነትን መለየት ነው።

ወረታ ላይ የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። በመረብ የተከለለ ቤት እዚያ ይሠራ። ጢንዚዛዋ ከሩዝ፣ ከጤፍ፣ ከዳጉሳ፣ ከጓያ፣ ከሽምብራ፣ ከደንገል ጋር ትዘጋ፤ በአንደኛው ክፍል እምቦጭ ይኑር፣ በሌላው አይኑር። የዳርቻው ገበሬዎች ከየቀበሌያቸው የመረጧቸው ሰዎች በየሳምንቱ ይግቡ፣ ቅጠል ይቁጠሩ፣ የሞተችውንና የተረፈችውን ራሳቸው ይመዝግቡ። ሳይንቲስቱ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ፈተናው ግን ለሳይንቲስቱ ብቻ አይደለም። ሰብሉ የገበሬው ከሆነ ማስረጃውም በእጁ መግባት አለበት።

ቀጥሎ ኃላፊነቱ በስም ይለይ። የክልሉ የጣና ሐይቅና ሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹና የግብርና ምርምር ተቋማቱ ሁሉም እጃቸው አለበት። ሁሉም አለበት ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም የለበትም ማለት ነው። የሚያረባው ማን ነው? የሚለቀው? የሚቆጥረው? በማሳው ላይ እንግዳ ነገር ያየ ገበሬ ለማን ይደውላል? በስንት ቀን መልስ ያገኛል? የጸጥታው ሁኔታ ባለሙያን ከሐይቁ ዳር ሲያርቅስ ክትትሉን ማን ይይዘዋል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ለዛሬው የአማራ ክልል የይስሙላ አይደለም፤ ባለሙያ በማይደርስበት ቀበሌ የሚቀረው ታዛቢ የሠለጠነ ገበሬ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሟላ አትልቀቁ ማለት ሌላ የማዘግያ ሰበብ ይመስል ይሆናል። አይደለም። የተዘረዘረው አንድ የመረብ ቤት፣ አንድ ካርታ፣ የኃላፊዎች ስም ዝርዝርና የስልክ ቁጥር ነው። ለአንድ ወር ዘመቻ የሚወጣው ወጪና ጉልበት ይህንን አሳምሮ ይሸፍናል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ጊዜ ለጣና ካለፈ ቆይቷል፤ እሳቱን ባለበት ማቆም ግን ይቻላል። «ጢንዚዛው ሰብላችንን ቢበላስ?» ብሎ ለጠየቀው ገበሬ መልሱ «አይበላም፤ ና እይ» ነው። ገበሬው አይቶ ሲመለስ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፦ «እሺ፣ አይበላም። ከለቀቃችሁት በኋላስ ማን ይጠብቀዋል?» ጢንዚዛዋ ከመለቀቋ በፊት ይህን የሚመልስ መሥሪያ ቤት በስሙ ይታወቅ።